የጠገራ ብር ዕውቀት

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጠገራ ብር ግን አሳምራ ታነብ ነበር። ቡሬ ገበያ ቅቤ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ልጅ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት ስትመጣ አንዱን ጠገራ ከመቀነቷ ፈትታ መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኝና «በይ ልጄ፣ እውነተኛ ነው ሐሰተኛ?» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ክብደቱን በእጅ መመዘን ነው። ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ጣል ይደረጋል፤ ብሩ ያቃጭላል፣ ከእርሳስ የተሠራው ሐሰተኛ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ትከሻ በጥፍር እየነኩ በጌጧ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች መቁጠር ነው፤ ዘጠኝ ናቸው። ዕንቁው ተፍቆ የጠፋበትን ብር ባላገር አይቀበልም ነበር።

ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። በፈረንጆች 1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ከሞተችም በኋላ ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ስለወጣ፣ ከዳር ሸርፎ የሚሰርቅ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቡሬ ወደ ወለጋ ለሚሻገር ነጋዴ የዓባይ ማዶ በር ነበረች። ትልቁ ሒሳብ በጠገራ፣ ዝርዝሩ በአሞሌ ጨው ይከፈል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. አንበሳ ያለበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሳትመው ሲያመጡ እንኳ ባላገሩ ጠገራውን ቶሎ አልተወም። ሙሶሊኒም ይህን ያውቅ ነበር፤ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የጠገራውን ማተሚያ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አሳተመ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ የጠገራ ዘመን አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ብዙው ጠገራ አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆነ። አልፈርድም፤ ያምራል። የሚቆጨኝ ዕውቀቱ አብሮ መቅለጡ ነው። የአያቴ ጠገራ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ዘጠኙም ዕንቁዎች አሉ። እናንተም በእናቶቻችሁ ሙዳይ ውስጥ ጠገራ ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት እንዴት እንደሚለዩት ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።