የአገልግሎት ቋንቋና አዲስ ገቢው፦ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ

የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለአዲስ ገቢው ሲባል መለወጥ አለበት ወይስ አዲሱ ሰው አገልግሎቱን ተምሮ መግባት አለበት የሚለው ክርክር በዘመናችን የተወለደ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከወሎ ታሪክና ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አኳያ ለመመልከት እሞክራለሁ። የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ እንጂ ነገረ መለኮት አይደለም። ይሁን እንጂ የአማርኛ ጽሑፍ እድገት ከዚህ ክርክር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ነገሩን ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ትቶ ማለፍ የሚገባ አይመስለኝም።

ጥያቄውን መጀመሪያ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ ደሴ ላይ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ዛሬ ወንጌሉ ምን አለ?» ትለኝ ነበር። ተሰጥኦውን ሳትሳሳት የምትመልስ፣ መቆም የማይታክታት ሴት ነበረች፤ የሚነበበው ግን አይገባትም። እኔም ዳዊት የደገምኩ ብሆንም ትርጓሜ ስላልተማርኩ የምመልስላት አልነበረኝም። አንዳንድ ጊዜ ከራሴ ፈጥሬ እነግራት ነበር። ያ ውሸት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በታሪካችን አገልግሎትን በትእዛዝ መለወጥም፣ ሰውን በትእዛዝ ማስገባትም ተሞክሯል። ለመጀመሪያው ምሳሌ የሚሆነው የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሥርዓተ ቅዳሴውንና የበዓላቱን አቆጣጠር በሮም ሥርዓት ለመተካት ተነሣ፤ ካህናትም እንደገና እንዲካኑ አደረገ። ውጤቱ ደም መፋሰስ ሆነ፤ በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

የሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ ተደረገ። የክርስቲያኑን የውስጥ ክርክር ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ «ሚካኤል»፣ ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ «ኃይለ ማርያም» ተባሉ። ሚካኤል በኋላ ንጉሥ ሆነው ቤተ ክርስቲያን እስከ ማሠራት ደርሰዋል። ከሕዝቡ ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም እየተባለ ኖረ። ስም በአዋጅ ይለወጣል፤ ልብ ግን አዋጅ አይሰማም።

እንግዲህ ያንኑ ሕዝብ በፈቃዱ ያስተማረው ማን ነው? እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጆሮውን ሊያቀና ይገባል። ያንን አዋጅ ከተቃወሙት አንዱ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር፣ በአማርኛ መንዙማ ከሚታወቁት የወሎ ሊቃውንት ዋነኛው ናቸው። የወሎ ሸሆች ሶላቱንና ቁርኣኑን በዐረብኛ ጠብቀው፣ ትምህርቱንና ውዳሴውን በአማርኛ ግጥም አድርገው፣ በዐረብኛ ፊደል በዐጀም እየጻፉ፣ በድቤና በጭብጨባ ለገበሬውም ለእረኛውም አደረሱ። የተነካው ዋናው ስግደት አይደለም፤ የተከፈተው የመማሪያው በር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ አላደረጉም። የአንድምታ ትርጓሜ ግዕዙን ቃል በቃል አስቀድሞ አማርኛውን ያስከትላል፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሟል። በ20ኛው ምዕት ዓመትም መጽሐፈ ቅዳሴ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ታትሞ ወጣ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች የአማርኛ መዝሙር ወጣቱን ሰበሰበ። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሕዝብ ቋንቋዎችን በሰፊው ወደ ቅዳሴ ያስገባችው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1962–1965) ወዲህ ነው።

ታዲያ ሁሉም በአማርኛ ይሁን ማለት ነው? ቀድሞ እንዲህ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ኮምቦልቻ ነው። በፋብሪካውና በዩኒቨርሲቲው ምክንያት ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣባታል፤ የአፍ መፍቻው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሆነው ወጣት ከአማርኛ ተናጋሪው ጋር በአንድ ዐውደ ምሕረት ይቆማል። ግዕዝ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ባለመሆኑ ሁሉንም እኩል እንግዳ ያደርጋል፤ አማርኛ ግን አንዱን ባለቤት፣ ሌላውን እንግዳ ሊያደርግ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በሲኖዶሱ ዙሪያ በተነሣው አለመግባባት የአገልግሎት ቋንቋ ጥያቄ ጎልቶ መሰማቱም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ግዕዙ ከዜማው ጋር ከተሰናበተ ደግሞ ቅኔና ትርጓሜ ሰሚ ያጣሉ፤ የእኛም ክፍል የሚያጠናው ምንጭ ይነጥፋል።

በእኔ እምነት መፍትሔው የአንድምታው መንገድ ነው። ግዕዙ ይነበብ፤ ወዲያው ግን በቦታው ሰው ቋንቋ፣ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ፣ ይተርጎም። ከበሮው ይድመቅ፣ ቅዳሴው ይጠር፣ ወንበር ይግባ የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። አዲስ ገቢን የሚያርቀው የአገልግሎቱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ያልገባውን ቢጠይቅ የሚመልስለት ማጣቱ ጭምር ነው።

እናቴ ቅዳሴው ይጠርልኝ ብላ አታውቅም። ግዕዙም ይቅርልኝ አላለችም። የጠየቀችው፣ ወንጌሉ ምን እንዳለ ብቻ ነበር።