«የማን ተማሪ ነህ?»

የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለልኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ በልጅነቱ የሄደ ነው፤ ዛሬ ኦስቲዮፓቲ በሚባለው መንገድ ሐኪም ለመሆን ይማራል።

«ጋሼ፣ አንድ የተማሪዎች የክብር ማኅበር አለ። ውጤትና በጎ አገልግሎት ታይቶ ነው የሚገባው። ልግባ?»

«ገብተህ ምን ታገኛለህ?»

«ለስፔሻሊቲ ስወዳደር ስሙን ማመልከቻዬ ላይ እጽፈዋለሁ።»

ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሕክምና ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? እኔ ትዝ ያለኝ ቅኔ ቤት ነው።

ጎጃም ይህን ጥያቄ ከጥንት ታውቀዋለች። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ እያለ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ይመጣል። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅንና ዲማን በተማሪነት አይተዋል። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ አድርጎ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያቃኑለታል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ያፈርሱበታል። በሳሉ ተማሪ አስነጋሪ ይሆናል፤ የጀማሪዎቹን ቅኔ እየሰማ ያርማል። ሜዳልያ የለ፣ ወረቀት የለ! የተሰጠው ክብር ተጨማሪ ሥራ ነው፤ የራሱን ቅኔ የሚቆጥርበትን ጊዜ ሳይቀር ይሻማበታል።

ተምሮ ወጥቶ አንድ ደብር ሲደርስ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው። የታወቀ መምህር ስም በር ያስከፍታል። ግን በዓሉ ሲደርስ ማኅሌት ውስጥ ቅኔ ስጥ ይባላል። ካማረለት ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። ከተሰበረበት ግን የመምህሩ ስም አያድነውም፤ እንዲያውም መምህሩንም አብሮ ያስወቅሳል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የጠየቀኝ ማኅበር ሲግማ ሲግማ ፋይ ይባላል፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የኦስቲዮፓቲ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ከተማ በአንድሪው ቴይለር ስቲል ተከፈተ። ሌሎቹ ሐኪሞች እነዚህን ሰዎች ለረዥም ዘመን በንቀት፣ እኛ ወጌሻን በምናይበት ዓይን ነበር የሚያዩዋቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን የሁለቱም ወገን የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአንድ ሥርዓት ተጠቃለለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ የፈቃድ ፈተናቸው ነጥቡን ትቶ «አልፏል»፣ «ወድቋል» ብቻ ማለት ጀመረ። መራጩ በነጥብ ይለይ የነበረውን ሰው አሁን በምን ይለየው? ሁለተኛው ደረጃ ፈተና ነጥብ አለው፤ የአስተማሪ ደብዳቤ አለ፤ የማኅበር ስምም አለ። በእኔ ግምት ስሙ ከሦስቱ ኋላ የሚቀመጥ ነው። ስለ ደብዳቤው እንኳ ባልናገር ይሻለኛል፤ በማስተማር ዘመኔ ስንቱን «ትጉህና ምስጉን» ብዬ ጽፌለታለሁ፤ ከፊሉን መልኩን እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ከዚህ የባሰ ነገርም አለ። መራጩ ማን ነው? አልፋ ኦሜጋ አልፋ የሚባለው የሌላኛው ወገን የሕክምና ተማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1902 የተመሠረተ፣ ስሙም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናታቸው ላይ እንዳሳዩት፣ የፈተና ውጤትና ሌላው ሁሉ ታስቦም ጥቁር ተማሪዎች ወደ ማኅበሩ የመመረጥ ዕድላቸው ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ነበር። የእኅቴ ልጅ ጥቁር ነው። ይህን ሳልነግረው ማለፍ አልቻልሁም።

ያኔ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ትዝ አሉኝ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው እዚሁ ጎጃም ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ሴት ናቸውና ማኅሌት ቆመው ከሊቃውንቱ ጋር ሊቀኙ ሥርዓቱ አይፈቅድላቸውም፤ በር የሚያስከፍተው የደብር ሹመትም ለእሳቸው የለም። ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ወንድ ግን ማኅሌት ገብቶ ይቀኛል። «የማን ተማሪ ነህ?» ሲሉትም የሚጠራው የእሳቸውን ስም ነው። እሳቸው ያልገቡበት ቤት ስማቸው ገባ። ይህን ሲያወሩልኝ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔን ግን ደስታውና ቁጭቱ እኩል ይይዘኛል።

ልጁ ስልኩን ይዞ ዝም ብሎ ሲያደምጥ ቆየና «እና ልግባ ወይስ ልተው?» አለኝ።

«ከገቡት ጋር ምን ትሠራላችሁ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የደም ግፊት እንለካለን። ማታ ማታ የአንደኛ ዓመቶቹን እናስጠናለን።»

አስነጋሪ መሆኑ ነው እንግዲህ። «ግባ» አልሁት።