ከበራሪ ወረቀት እስከ የእጅ ስልክ



እ.ኤ.አ. በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ የተቃውሞ ቃል በወረቀት ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ዘመን ነበር። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር።

በ2005ቱ ምርጫ አጭር የስልክ መልእክት ተጨመረ። ከምርጫው በኋላ መንግሥት አገልግሎቱን ዘጋው፤ የተከፈተውም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ለስደተኛው ታላቁ ለውጥ የመጣው በኅዳር 2013 ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በወገኖቻችን ላይ የደረሰው በደል በእጅ ስልክ ተቀርጾ ሲሠራጭ፣ ኢትዮጵያውያን በብዙ የዓለም ከተሞች በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰለፉ። በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ተመላሾች አገራቸው ገቡ።

ያው መሣሪያ ግን ለጥፋትም ዋለ። በኅዳር 2021 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ኩባንያው ይጠየቅ ዘንድ ልጃቸው በኬንያ ክስ መሥርቷል፤ የአጋሪው ተጠያቂነት ግን ለየኅሊናችን የቀረ ነው።

ሥራ ጨርሳችሁ በዘ ፐርል ሕንፃዎች ስልካችሁን የምትከፍቱ ወገኖች፣ የቀደሙት ስደተኞች ያልነበራቸው ድምፅ አላችሁ። ወረቀት ይበትን የነበረው ተማሪ ስለ ቃሉ ራሱ ይታሰር ነበር፤ ከዶሃ የምናጋራው ቃል ግን የሚያርፈው በሌላ ሰው ደጅ ነው። ስለዚህ ከማጋራታችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ጻፈው? እውነት ነውን? ስሙ የተጠራውስ ሰው ዛሬ ማታ በሰላም ያድራልን?