የሕክምና ክፍያ (በሥነ ልቦና ትንተና)
የሕክምና ክፍያ ታካሚው ለሐኪሙ ጊዜና ሙያ የሚከፍለው ገንዘብ ሲሆን፣ መጠኑና የአከፋፈል ደንቡ ከሕክምናው መጀመሪያ በግልጽ ሊወሰን ይገባል። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች ዚግሙንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች የገንዘብን ነገር እንደ ወሲብ ጉዳይ በሐፍረትና በማስመሰል ስለሚይዙት፣ ሐኪሙ ዋጋውን ሳይሸማቀቅ እንዲናገር፣ ዕዳው ሳይከማች በየጊዜው እንዲቀበል፣ ታካሚው ለቀረበት ሰዓትም እንዲያስከፍል መክሯል። ነጻ ሕክምና ተቃውሞን፣ ማለትም ታካሚው ሳያውቀው ፈውሱን የሚያግድበትን ዝንባሌ፣ እንደሚያበረታ ከልምዱ ቢገልጽም፣ በ1918 ቡዳፔስት ላይ ባደረገው ንግግር ድሆች ያለ ክፍያ የሚታከሙባቸው ተቋማት እንዲኖሩ ያለውን ተስፋ ገለጸ፤ በ1920 በበርሊን፣ በ1922 ደግሞ በቪየና የተከፈቱት ክሊኒኮች ይህንን ተስፋ ተግባር ላይ በማዋል የመክፈል አቅም የሌላቸውን ታካሚዎች ተቀብለዋል።