የደብረ ዳሞ እንጨትና የፎቶግራፍ ምስክርነት

ተወልጄ ባደግሁበት በአረካ እንጨት ዕድሜው አጭር ነው። አያቴ ያቆሙት የቤት ምሰሶ እኔ ሳድግ በምስጥ ተበልቶ ወደቀ። ውፍረቱን ዛሬ የማሳየው በክንዴ አቅፌ ነው፤ የወንድሜ ክንድ ደግሞ ሌላ ልክ ይሰጣል። ስለ ደብረ ዳሞ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው አለመስማማት ነው።

የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተሠራ ሲሆን፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። የአክሱም ሐውልት ጠራቢዎች ይህንኑ አሠራር በድንጋይ ገልብጠውታል። የአክሱም ሕንፃዎች እንጨት ቢጠፋም፣ ንባቡን የምናቃናው በዚህ የድንጋይ ግልባጭና በዳሞ ነው።

በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ዳሞን ጭምር አጥንቶ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የቡድኑ አርክቴክት ቴዎዶር ፎን ሉፕኬ ኋላ የበርሊኑን የመለኪያ ፎቶግራፍ ተቋም መርቷል። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ዴሬክ ማቲውስ ሕንፃውን አደሰ። እንግዲህ ከእድሳቱ በፊት የተነሣው ሥዕል፣ በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ቀዳሚው ቅጂ ነው። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ገዳሙ ላይ ጉዳት መድረሱ ሲዘገብ የዚህ ዓይነቱ ቅጂ ዋጋ ይበልጥ ተሰማኝ።

ዛሬ አንድን የተቀረጸ እንጨት በብዙ ፎቶግራፎች ዙሪያውን ያነሡታል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት፤ ኮምፒዩተሩ የጋራ ነጥቦችን አዛምዶ ባለ ሦስት ገጽታ አምሳል ያወጣል። ጥላሸት የጠጣ ጣውላ ግን ነጥብ ይነፍጋል፤ እርጥብ እንጨት ያብለጨልጫል፤ ከውኃ የወጣ ጥንታዊ እንጨት ደግሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀድሞ መነሣት ይገባዋል። ከሁሉ በላይ መለኪያ ዘንግ አብሮ ካልተነሣ አምሳሉ ቅርጽ እንጂ መጠን የለውም። የሚያስቆጨኝ የአምሳሉ ውበት ሲደነቅ ማን፣ መቼ፣ በምን ልክ እንዳነሣው አለመጻፉ ነው። ጸሐፍቶቻችን እንኳ በብራናው መጨረሻ ስማቸውን ያኖሩ ነበር።

አያቴ ከምሰሶው አጠገብ ቆመው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ አለን። መለኪያ የለበትም፤ ከዘራቸውን ግን ምሰሶው ላይ አስደግፈውታል፤ ከዘራውንም እናቴ እስካሁን አልጣለችውም። ለካሁት፤ 92 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ሒሳብ የምሰሶው ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ግድም ይወጣል። ወንድሜ ግን አልተቀበለኝም።