የተፈጥሮ አስተማሪና የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ረዳት፦ በይፋት ቆላና በዙሪያው

የተፈጥሮ አስተማሪና የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ረዳት የሚባለው፣ የቆሰለ፣ በሕገወጥ መንገድ የተያዘ ወይም እናቱን ያጣ የዱር እንስሳ በሐኪም መመሪያ የሚመግብ፣ ማደሪያውን የሚያጸዳ፣ ጠባዩን እየተከታተለ የሚመዘግብ፣ ከዚሁ ጎን ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪ ስለ ዱር ሕይወት የሚያስተምር ሠራተኛ ነው። በሌላው ዓለም ሁለቱ ሥራዎች ለየብቻቸው ሙያ የሆኑበት ቦታ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። የሰው ኃይል ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ወደ ተንከባካቢ እጅ የሚገቡት እንስሳት አብዛኞቹ ሰው የያዛቸው፣ ያሰራቸው ወይም ያቆሰላቸው መሆናቸው ነው፤ ምክንያቱን ትቶ ቁስሉን ብቻ ማከም ሥራውን ማለቂያ ያሳጣዋል።

የይፋት ቆላ ከተማ ሸዋ ሮቢት በሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በርን ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አልፎ በደብረ ሲና በኩል የሚወርድ መንገደኛ ከተማዋ ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። በዚህ አጭር ጉዞ እንስሳቱም አብረው ይለወጣሉ። ከላይ በገደሉ አፋፍ ሣር እየነጨ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፤ ከታች በቆላው ጦጣ፣ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ጅብ፣ እንዲሁም ወንዱ እንደ ካባ የወረደ ሽበታም ጎፈር ያለው ሐማድሪያስ ዝንጀሮ ይኖራሉ። ከቆላው ወዲያ የአፋር ሜዳ ይቀጥላል።

አካባቢው ለወፍ አጥኚዎች እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንኮበር አጠገብ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ነበረ፤ መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከዚህ አገር ተሰብስባ የተመዘገበች ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ አንዲት ዘር በል ወፍ ከዚያ ወዲያ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል አልታየችም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከአልዩ አምባ በታች ባለው ደረቅ ሸለቆ ዳግም ተገኘች። ከላይ በአንኮበር ገደል የምትኖረው የቅርብ ዘመዷ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 እስክትገኝ ድረስ ሳይንስ አያውቃትም ነበር። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላቸውም። ለይፋት ተማሪ ስለ ዝሆን ከማስተማር ይልቅ ከእነዚህ ቢጀመር ይሻላል፤ ትምህርቱ በእግር የሚደረስበት ነው።

በይፋት ቆላ የሚያስተምር ሰው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የወፍ ወዳጅ አይሆንም። ማሽላ አብቃዩ ገበሬ ወፍን የሚያውቀው በግሪሳ ነው። ግሪሳ በመንጋ ወርዶ የወራት ልፋትን በጥቂት ቀናት ይጨርሳል፤ ስለዚህ እህሉ ሲያሽት ቤተሰቡ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። መንጋው ሲበረታ በአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለ መድኃኒት ደግሞ ግሪሳውን ብቻ መርጦ አይገድልም። የተመረዘ ወፍ የበላ ንሥርና ጭልፊትም አብሮ ይጎዳል። በየዓመቱ በስምጥ ሸለቆው አቅጣጫ ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው የሚያልፉት ትልልቅ አሞሮችና ንሥሮች ከሚያጋጥሟቸው አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው። «ወፍ አትግደሉ» ብሎ የሚጀምር አስተማሪ እዚህ ሰሚ አያገኝም፤ ግሪሳን ከሌላው ለይቶ፣ የሞተ ወፍ ለቅሞ መብላት ለሰውም አደገኛ መሆኑን አስረድቶ የሚጀምር ግን ያገኛል።

ከቆላው በላይ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ አለ። ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ቆይቷል። በዚህ ሥርዓት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱት ነበር። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያው ገሳም ይሠራበታል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት መሠረት ናደው፤ ነዋሪው ግን ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመ፣ በኋላም ቦታው በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ከመኪና መንገድ ዳር ቆሞ ዳቦ የሚወረውር መንገደኛ ግን ጭላዳን ይጎዳል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር የሆነ እንስሳ ዳቦ ከለመደ ወደ አስፋልቱ ይጠጋል፤ መኪና ይገጨዋል፣ ከሰው በሽታ ይጋባበታል፣ ያልሰጠውን ሰው መተናኮልም ይጀምራል።

የእንክብካቤው ሥራ በሀገር ደረጃ በጉልህ የሚታየው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ሆለታ አጠገብ በሚገኘው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ነው። ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ሲሆን 77 ሄክታር ደን ለበስ መሬት ይዟል። ከነዋሪዎቹ በይበልጥ የታወቀው ዶሎ የተባለ ወንድ አንበሳ ነበር፤ በሶማሌ ክልል ዶሎ ከተማ አንገቱ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ጎፈሩን አጥቶ የተወሰደ ነው። በርካታ አቦሸማኔዎችም አሉ። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአጎራባች አገሮች ተሰብስበው በባሕር ወደ ዓረብ አገሮች ይሸጣሉ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀበለችው ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ይህን ንግድ ይከለክላል፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። በይፋት የተያዘ እንስሳ እንዲህ ያለ ቦታ ለመድረስ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባን ማለፍ አለበት። ለቆሰለ እንስሳ መንገዱ ራሱ ሌላ ጉዳት ነው።

አዲስ የመጣ እንስሳ መጀመሪያ ለይቶ ማቆያ ይገባል፤ በሽታው ሳይታወቅ ከሌሎች አይቀላቀልም። ቀጥሎ ያለው ውሎ እንግዳ እንደሚገምተው ማቀፍና ማባበል አይደለም። መጥረግ፣ ውኃ መቀየር፣ ሥጋ መመዘን፣ የተረፈውን መቁጠር፣ ዐይነ ምድር ማየት፣ ያዩትን መጻፍ ነው። ለሥጋ በል የዱር ግልገል ልሙጥ ሥጋ ብቻ መስጠት ካልሲየም ያሳጣዋል፣ አጥንቱም ይጣመማል፤ ሰዎች በቤታቸው ያሳደጓቸው ግልገሎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት እንዲህ ሆነው ነው። አንበሳ ወዳለበት ግቢ ማንም አይገባም። መጀመሪያ እንስሳው ወደ ማደሪያው ይጠራል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሁለተኛው በር ይረጋገጣል፣ ከዚያ መጥረጊያው ይገባል። ማደንዘዣ መውጋት የሐኪሙ ድርሻ እንጂ የረዳቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ረዳቱ ራሱ አስቀድሞ መከተብ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ፍቅርን መቆጠብ ነው። ወደ ዱር የሚመለስ እንስሳ ሰውን መፍራት ሊቀርለት አይገባም፤ ስለዚህ ተንከባካቢው ድምፁን ይቀንሳል፣ ምግቡን ሳይታይ ያስቀምጣል። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ወይም አቦሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ሊለቀቅ አይችልም፣ ዕድሜውን በማዕከል ይጨርሳል። የመልቀቅ ተስፋ ሲኖር ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታይቷል። በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ በፓርኩ ውስጥ በተዘጋጀለት ጊዜያዊ መጠለያ 51 ቀን ታክሞ ተለቀቀ። ስሙን ተረፈ አሉት። ለዚህ ዝርያ እንዲህ ያለ ሕክምና ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። በዓለም ላይ ከግልገል በላይ የሆኑት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ስለማይበልጡ አንዷ ሕይወት ለዝርያው ትቆጠራለች።

ይሁንና ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚጨርሰው ጥይት አይደለም፣ የውሻ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003–04 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በደረሰባቸው ሸለቆዎች ከቀበሮዎቹ አብዛኞቹን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የእረኞችን ውሾች የሚከትበው ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የሚቀመጥ ክትባት ይሰጣል። የውሻ ክትባት ዘመቻ ያለ አስተማሪ አይሆንም፤ ውሻው ሲከተብ ስንፍና ይይዘዋል ብሎ የሚሰጋውን እረኛ ቁጭ ብሎ ማነጋገር የግድ ነው።

የዱር እንስሳን በግቢ ማኖር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ጥሪኝ አሳድጎ ዝባድ መሸጥ የቆየ ሙያ ነው፤ ጥሪኙ በጠባብ ጎጆ ታስሮ ገንፎ፣ ሥጋና ቅቤ ይቀርብለታል፣ ዝባዱ በየጥቂት ቀኑ ተፍቆ በቀንድ ይጠራቀማል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሁለቱም የመመገብን ዕውቀት አዳብረዋል፤ እንስሳው እንዲድን፣ ከተቻለም እንዲለቀቅ የሚሠራው እንክብካቤ ግን የኋላ ዘመን ነው።

የማስተማሩ ወገን ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ዋሊያ የተባለ መጽሔት ለአዋቂ፣ አጋዘንን ለልጆች አሳትሟል፤ በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባት እንዲቋቋሙም ሠርቷል። መንግሥታዊው አካል፣ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና በታንዛኒያ ያለው የምዌካ ኮሌጅ የብዙ ፓርክ ባለሙያዎች መማሪያ ሆነዋል። ለረዳትነት ግን ዲግሪ ከሚጠየቅበት ይልቅ ከአካባቢው ተወላጅነት የሚመረጥበት ጊዜ ይበዛል፤ የጓሳ ጠባቂዎችና የፓርክ ስካውቶች ከዚያው ቀበሌ የተቀጠሩ ናቸው። መንገዱንም፣ የእረኛውንም ስም፣ ዝንጀሮ በየትኛው ወር ወደ እርሻ እንደሚወርድም አስቀድመው ያውቃሉ፤ የምዝገባውንና የመድኃኒት አሰጣጡን ሥርዓት ከሐኪሙ ጋር እየሠሩ ይማራሉ።