ከተራ ወደ ፍላጎት፦ በሀብሩ የፍራፍሬ መስኖ ውሃ አጠቃቀም

ከወልድያ በስተደቡብ፣ ከሲሪንቃ እስከ መርሳና ጊራና ባለው የሀብሩ ወረዳ ዝናብ በበልግና በክረምት ይጥላል። በልጉ ግን አይታመንም። ስለዚህ ብርቱካኑም፣ ማንጎውም፣ ሽንኩርቱም ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ይጠጣሉ፤ ተራውንም የውሃ አባት ይመድባል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ የውሃ ብክነቱ በቧንቧ እጦት ብቻ ሳይሆን ከተራው ሥርዓት የሚመነጭ መሆኑ ነው።

ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሚደርሰው ያልተማመነ ገበሬ ዛሬ ያገኘውን ሁሉ ማሳው ላይ ይለቃል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ከስጋት የመጣ ስሌት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተክሉ ነው። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት ስለሌለው ትርፉ ውሃ ናይትሮጅኑን ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል። ብርቱካን ላይ ጉዳቱ ይብሳል፦ ግንዱ ሥር የተኛ ውሃ ፋይቶፍቶራ ለተባለው ተዋህስ መንገድ ይከፍታል፤ ግንዱ ሙጫ ያወጣል፣ ልጡም ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አፈሩን ግንዱ ዙሪያ ከፍ አድርጎ፣ ውሃውን ከቅርንጫፎቹ ጥላ ጠርዝ በታች በተቆፈረ ክብ ቦይ ማጠጣት ይበቃል። ብርቱካንና ማንጎ ከማበባቸው በፊት ጥቂት መጠማታቸው ለአበባ ያነሣሣቸዋል፤ አበባው ወደ ፍሬ ሲለወጥ ግን ጥም ፍሬውን ያረግፋል። ቀኑን ቆጥሮ የሚዞር ተራ ይህን ልዩነት አያውቅም።

የመስኖ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ተክሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ነው። 60 በመቶ ውጤታማ በሆነ የቦይ መስኖ 83፣ 90 በመቶ ውጤታማ በሆነ የጠብታ መስኖ ደግሞ 56 ሜትር ኩብ ገደማ መልቀቅ ይጠይቃል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውሃን በግፊት መስኖ ያስፋፋው ለዚህ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው የግፊት መስኖ ያለ ኃይል ምንጭ፣ ያለ ንጹሕ ማጣሪያና ያለ መለዋወጫ አይሠራም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ራሱ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት በተዘረፈበት አካባቢ፣ እነዚህን ሁሌም አገኛለሁ ብሎ ማቀድ አይቻልም።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚገባው የቦዩ አፍ ላይ የውሃ መለኪያ መትከል፣ ተራውንም ለሽንኩርት አጭርና ተደጋጋሚ፣ ለፍራፍሬ ደግሞ ረዘም ባለ ልዩነት መክፈል ነው። የሲሪንቃ ተመራማሪዎችና የመርሳ ግብርና ኮሌጅ መምህራን ይህን ሥራ ከውሃ አባቶች ጋር ተቀምጠው ይጀምሩት።